የተጣደ ውሃ

በልጅነቴ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣደው ቡና አልነበረም፤ ውሃ ነበር። አያቴ ጥላሸት የለበሰውን ማንቆርቆሪያ ከሰሉ ላይ ታስቀምጥና፣ እንዳይፈላም እንዳይቀዘቅዝም ትንሿን ጣቷን እየነከረች ትጠብቀዋለች፤ ለብ ሲልላት ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠውን አረንጓዴ የብረት ሳፋ ከእንግዳው እግር ስር ታኖራለች፣ እሷ በርከክ ትላለች፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ ውሃውን በቀስታ አፈሳለሁ። የቡልጋ ዳገትና ቁልቁለት ያጠነከረው ተረከዝ፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው አፈር ሳይቀር፣ በእጆቿ መሃል ሲለሰልስ አይ ነበር። እንግዳው ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ከሆዱ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይወጣል። ያኔ ድካሙ የወጣለት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ትንፋሽ ከድካምም ያለፈ ነገር እንደነበረው አምናለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ከእንስራም ከወንዝም ይቀዳል፤ ለብ ያለ ውሃ ግን፣ አንተ ገና መንገድ ላይ ሳለህ፣ አንድ ሰው እሳት አያይዞ ስለ እግርህ ያሰበበት ውሃ ነው። እንግዳው እሳቱን አላየውም፣ ጭሱም ዓይኑን አልነካውም፤ የታሰበለትን ሙቀት ብቻ በእግሩ ይቀበላል።

የስንቱን እግር ስታጥብ የኖረችውን አያቴን በስተርጅና ጉልበቷ ከዳት። ቁርጥማቱ ክረምት ሲገባ ይብስባታል፤ ሌሊት ሌሊት ጉልበቷን ቅቤ አሽታ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቀመጥ ከአንደበቷ የማይጠፋ አንድ ምኞት ነበራት፤ በረሃ ያለው ፍልውሃ። የአዲስ አበባውን ታውቀዋለች፣ ወረፋ ጠብቃም ገብታበታለች። «እሱም ደግ ነው» ትላለች፣ «ግን በቧንቧ ነው የሚመጣው።» እሷ የምትሻው ከመሬት ሲወጣ በዓይኗ የምታየውን፣ ከምንጩ አፍ ላይ አንዴ የምትነከርበትን ነበር። እኔም ፋሲካው ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ፣ ሥራው ይቅለል እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ ደራረብኩ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ በመጻጉዕ ዕለት፣ ያ 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረ በሽተኛ፣ ውሃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣው፣ ታሪኩ በተነበበ ቁጥር ዓይኔን ከእሷ ጉልበት ላይ ማንሳት ያቅተኝ ነበር። የዚያ ታሪክ ጭንቀቱ የውሃው መራቅ አይደለም፤ ውሃው እዚያው አጠገቡ ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ሥራ ወደ አዋሽ ሲልከኝ አያቴ ከመኝታዋ እምብዛም የማትነሳበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ይዣት ልሄድ አልቻልኩም። እሷም ይህን ታውቃለችና ምንም ሳትል የአምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን አስመጥታ፣ በአመድ አሳጥባ፣ ከበሩ ላይ ሰጠችኝ። ከአዳማ በኋላ መሬቱ እየወረደ፣ አየሩ እየከበደ ይሄዳል፤ ወለንጪትን አልፈው መተሐራ ሲቃረቡ መንገዱ የበሰቃን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ ያልፋል። በሰቃን ማየት ሁልጊዜ ልቤን ይጫነኛል፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከ3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ40 በላይ የሆነ፣ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ከፍ እንዲሉ ያስገደደ፣ በዚያ ሁሉ ጥማት መሃል ተንጣልሎ የማይጠጣ ጨዋማ ውሃ። ከአጠገቡ ደግሞ ከሜዳው ተነጥሎ እስከ 2,007 ሜትር የሚነሳው የፈንታሌ ተራራ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ ማንም እንዳላለሰለሰው እርሻ ጓል ጓል ሆኖ ተዘርግቷል፤ ሁለት መቶ ክረምት ዘንቦበት እንኳ ሣሩ ገና አልደፈረውም። የደጋ ሰው እዚህ ሲደርስ ወሬው ያልቃል። መኪናችን ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን፤ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ሰሜን፣ በአዋሽ ፓርክ ውስጥ፣ በግራር ቁጥቋጦና በአቧራ መሃል ስንንገጫገጭ፣ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀና ሳላዎች ከጥላ ስር ቆመው አዩን፤ እኛም አየናቸው፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ አመድማ ምድር መሃል ድንገት ዘንባባ ታየ።

ዘንባባዎቹ ከሩቅ መንደር ይመስላሉ። ቀርበህ ስታያቸው ግን ሥራቸው ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃውም ከየትም ወርዶ አልመጣም፣ ከዚያው ከሥራቸው ነው የመጣው። የሚያንጎደጉድ ፏፏቴ የለም፣ የሚጮኽ ጅረት የለም፤ ታች ያለው አሸዋ ብቻ እንደተኛ ሰው ደረት በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከመሃሉም ትንንሽ አረፋዎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ተለቀው ወደ ላይ ይወጣሉ። ኩሬው ከመጥራቱ የተነሳ ወለሉ ላይ የወደቀ የዘንባባ ቅጠል ጅማቱ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ቀለሙ ዳር ላይ አረንጓዴ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ በጠዋት ሰማይ ላይ ካልሆነ በቀር ሌላ ቦታ ያላየሁት ሰማያዊ ነው። ጫማዬን አውልቄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ነከርኩ። እኛ ደገኞች ጥሩ ውሃ ቀዝቃዛ እንደሆነ እየሰማን ነው ያደግነው፤ ምንጭ ሲባል ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ነው የምናስበው፤ እናም ዓይኔ ቀዝቃዛ ነው ብሎ የነገረኝን እግሬ ካደው። ሙቀቱ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ቀጥሎ ባቴ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው አንድ ውስጤ ያለ ቦታ ላይ ደረሰ፤ ትከሻዬ ዝቅ ሲል፣ ከሆዴ ያ ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁት። የእንግዳውን ትንፋሽ ነበር የተነፈስኩት። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ማንቆርቆሪያ የለም። ዙሪያዬን አየሁ፤ በእውነት አየሁ፣ አንድ ሰው አጎንብሶ ሲያራግብ የማገኝ ይመስል፤ ከላይ የዘንባባው ቅጠል ብቻ ደረቅ ድምፁን እያሰማ ይንሿሿል።

ቋንቋችን ይህን ነገር ሲሰይመው አልተራቀቀም፤ «ፈላ» ከሚለው «ፍል» አለና «ውሃ» ጨመረበት፣ በቃ። ግን «ፍል» ብለህ ከጠራኸው በኋላ ያፈላውን አለመጠየቅ አይቻልም፤ እኛ ግን በዚህ ስም ዘመናችንን ሁሉ እየጠራነው ብዙም አልጠየቅንም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ ቦታው ከዚያ አስቀድሞም ፊንፊኔ ተብሎ በዚሁ በሚፈልቀው ውሃው የታወቀ ነበር፤ ይህች ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ እንግዲህ የጀመረችው ገላን ለማሞቅ ከተደረገ ቁልቁለት ነው። እና ይህን ሁሉ ውሃ ማን ጣደው? የከርሰ ምድር ውሃ የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት፣ በስምጥ ሸለቆው ከሚፈልቀው ብዙው ከደጋ የወረደ ዝናብ ነው፤ በዐለት ስንጥቅ ገብቶ፣ በጨለማ ወርዶ ወርዶ፣ የምድር ፍም ያጋለው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ሞቆ፣ በሌላ ስንጥቅ ወደ ብርሃን የሚመለስ። ምድሪቱ እዚህ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ትለያያለች፤ አራት አምስት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚሞላው ነው፤ ግን በዚያች በጥቂት የጤፍ ፍሬ በምትሞላ ክፍተት በኩል ነው እሳቱ የሚቀርበን፣ ውሃውም የሚመለሰው። እግሬን እንደነከርኩ ወደ ምዕራብ ቀና አልኩ። በጭጋጉ ውስጥ የደጋው ግንብ ይታያል፤ ከዚያ ማዶ አያቴ የተወለደችበት ቡልጋ አለ። ከሰም ወንዝ የቡልጋንና የምንጃርን ጎርፍ ተሸክሞ ወርዶ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ከአዋሽ ይቀላቀላል። ላይ ለላይ የሚወርደው ይህ ከሆነ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚወርደውስ? አያቴ ልጅ ሳለች የአባቷን የሣር ክዳን ሲቀጠቅጥ ያደረ የሐምሌ ዝናብ፣ ከደጃፏ አፈር ውስጥ ሰርጎ፣ እሷ አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ፣ አዲስ አበባ ገብታ የሰው እግር ስታጥብ፣ እሱ በጨለማ ሲጓዝ ኖሮ፣ አሁን በእኔ እግር ጣቶች መሃል እያለፈ ከሆነስ? ይህን ማወቅ የምችልበት መንገድ የለኝም፤ ግን ካሰብኩት ወዲያ እግሬን ከውሃው ማውጣት ከበደኝ።

አብሮኝ የነበረው የፓርኩ ስካውት የአፋር ሰው ነበር፤ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጥላው ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ላይኛው ኩሬ ስሄድ ተነስቶ መጣና «ጋሼ፣ እዚያኛው ያቃጥላል፤ ይሄ ይሻላል» አለኝ። በጣቴ ነካሁት፤ እውነቱን ነው፣ እጅ አያስቆይም። ጥቂት እርምጃ ነው ልዩነቱ፤ እዚያ የሚልጠው ውሃ እዚህ የሚዳብስ ሆኗል፣ በመሃል አየር ብቻ አግኝቶት። ከምንጩ ጠጥቼ ልቅመሰው ስል ስካውቱ ፈገግ አለና ጥርሱን አሳየኝ፤ ፊት ለፊቱ ባሉት ላይ እንደ ሻይ ጠብታ የቀረ ቡናማ ጥላ አለ። ይህን ጥላ በመተሐራም በወንጂም አይቼዋለሁ፣ በሕፃናት ፈገግታ ላይ ሳይቀር፤ ይህ ውሃ በዐለት ውስጥ ሲጓዝ የሚሰበስበው ፍሎራይድ ነው፣ ሲበዛና ዓመታት ሲጠጣ ጥርስ ያጠቁራል፣ አጥንትም ያደርቃል። ለረጅም ጊዜ ይህን ነገር እያሰብኩ ተቀመጥኩ። አያቴ ለአጥንቷ የምትመኘው ውሃ፣ ከውጭ ሲነካት አጥንቷን የሚያባብል ውሃ፣ እዚህ ተወልዶ እሱኑ ሲጠጣ ላደገ ልጅ በአጥንቱ ውስጥ ሌላ ነገር ያደርጋል። እንግዳ ሆኖ ለአንድ ቀን እግርን መንከር አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ውሃ ጋር መኖር ሌላ ነው፤ ያ ሰው ጥርሱን ሲያሳየኝ በፊቱ ላይ ምሬት አልነበረም፣ እኔ ግን የያዝኩትን ውሃ ከእጄ ቀስ ብዬ መልሼ አፈሰስኩት፣ ስለ ፍልውሃ በደስታ ብቻ ማሰብም ከዚያች ቅጽበት በኋላ አልሆነልኝም።

ጀሪካኑን ከምንጩ አፍ ሞላሁት። ሲሞላ ላስቲኩ ለሰለሰ፣ እንደ ሕፃን ገላ ሞቀ፤ በጋቢ ጠቅልዬ ከእግሬ ስር አኖርኩት። መንገዱን ሁሉ የያዝኩት ውሃ ሳይሆን ሙቀት ይመስለኝ ነበር። አዳማ ስንደርስ እጄን በጋቢው ውስጥ ሰድጄ ዳበስኩት፣ ገና ነበር፤ ቢሾፍቱ ላይ ሳስቷል፤ ቤት ስገባ፣ በምሽቱ ብርድ፣ ጀሪካኑ እንደማንኛውም ጀሪካን ቀዝቅዟል። ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ቀዘቀዘብኝ» አልኳት፤ ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። አያቴ ግን ጀሪካኑን በሁለት እጇ ዳብሳ፣ ምን አስቸገረ በሚል ዓይን አየችኝና «እና ጣደዋ!» አለች። ጣድኩት። የምድር ሆድ ለማናውቀው ዘመን ያሞቀውን ውሃ በቤታችን ከሰል ላይ ደግሜ ጣድኩት፤ እሷ እንደምታደርገው ትንሿን ጣቴን እየነከርኩ ጠበቅሁት፤ ለብ ሲል አረንጓዴውን ሳፋ አምጥቼ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያን ሁሉ ዘመን ቆሜ ሳፈስ የኖርኩት ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በርከክ አልኩ። እግሮቿ እንዲህ ትንሽ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያሉት ሰማያዊ ደም ሥሮች ከቆዳዋ በላይ ተነስተዋል፤ ጉልበቷን ሽቅብ ሳጥብ፣ በእጄ ስር፣ አጥንቱ እንደ ወንዝ ድንጋይ ክብና ጠንካራ ነበር። ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ትከሻዋ ዝቅ አለ። ትንፋሹን ጠበቅሁ፣ መጣም፤ ረጅም ነበር። ስጨርስ፣ ድሮ የሚደረገውን አስታውሼ፣ እግሯን ሳምኩ። ቁርጥማቱ ለቀቃት ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ያን ሌሊት ግን ግድግዳ ሳትደገፍ ተኛች። ውሃውን ልደፋ ሳነሳ «ተው፣ ይደር» አለችኝ፤ አደረ፣ ሰነበተም፤ አልጋዋ ስር ሆኖ ቀን በቀን እያነሰ፣ ማንም ሳይደፋው አለቀ።

አያቴ በ2014 ዓ.ም. አረፈች። በ2017 መስከረም ላይ በፈንታሌ ዙሪያ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ በታኅሣሥና በጥር እኛም አዲስ አበባ ተቀምጠን ሌሊት ሌሊት ሰማነው። አንድ ሌሊት ነቅቼ ሳለ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች፣ ማንም ሳይነካቸው፣ እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ከዚያ መብራቱ ተወዛወዘ፣ ጎረቤት በደረጃው እየሮጠ ወረደ። ዶፈን ተራራ አጠገብ መሬቱ ተሰንጥቆ እንፋሎት ሲተፋ በስልክ አየን፤ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸው ተሰነጣጥቆ፣ ፍየልና ግመላቸውን እየነዱ፣ ሕፃን አዝለው ከቀያቸው ተነሱ። ያ ስካውት የት እንዳለ አላውቅም። ከታች ቀልጦ ያለው ዐለት መንገድ እየሰነጠቀ ነበር፤ በማንቆርቆሪያ ስር እንዳለ ከሰል ለዘመናት ፀጥ ብሎ ውሃ ሲያሞቅ የኖረው ያው እሳት። ሲኒዎቹ ፀጥ ካሉ በኋላ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ የአያቴን ጉልበት አሰብኩ። እሳቱን ልጠላው አልቻልኩም፤ ያን ሌሊት ያስተኛት እሱ ነውና። ልወደውም አልደፈርኩም፤ የአንዲት ሴት ሕፃን፣ በስልኩ ፊልም ላይ ያየኋት፣ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ወደ ኋላ፣ ወደ ቤታቸው የምታየው፣ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። እግሬን አጥቦ ያስተናገደኝ ቤት፣ ባለቤቶቹን ደጅ ሲያሳድር ምን እላለሁ?

ባለፈው ወር ከቡልጋ የአያቴ የእህት ልጅ መጡ፤ ሸምግለዋል፣ በዱላ ነው የሚሄዱት፤ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት በእግራቸው ወጥተውታል። «ኧረ ተው፣ አትቸገር» ሲሉኝ ውሃ ጥጄ ነበር። ሳፋውን ከጓዳ ሳወጣው፣ ያ ሳይደፋ የደረቀው ውሃ ወለሉ ላይ ትቶት የሄደው ነጭ ክብ አሁንም አለ፤ ስንት ጊዜ በኦሞ ፈትገነው አልለቀቀም። ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ከጎኔ ቆማለች። ክቡን አየችና «አባዬ፣ ሳፋው ቆሽሿል» አለችኝ፤ ድምፅዋን ለእንግዳችን እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ።

«አልቆሸሸም» አልኳት። በርከክ ብዬ የእንግዳዬን እግር ሳፋው ውስጥ አስገባሁ። «መጀመሪያ በጣትሽ እዪው፤ ለብ ካለ አፍስሺ።»

ጣቷን ነከረች፣ ትንሽ አሰበች፣ ማፍሰስ ጀመረች።